የሳንቃ ሜዳ ካርዶች

አላምረውን ያሳሰረው ሠንጠረዥ የተሠራው በእጅጋየሁ እጅ ነበር። ሠርታ የጨረሰች ዕለት ግን በሰው ላይ የምትጽፍ አልመሰላትም፤ ቁጥርን ከቁጥር ጋር ያስተያየች ነበር የመሰላት።

ነገሩ የተጀመረው በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ወዳለው፣ እጅጋየሁ ወደምትሠራበት የአየር ጠባይ ቢሮ ከአዲስ አበባ አንድ ወፍራም ፖስታ መጣ። ውስጡ በኮምፒዩተር የታተመ፣ ዳርና ዳሩ የተበሳሳ ረጅም ወረቀት ነበር። አውሮፓ ያሉ ተመራማሪዎች ሳተላይት ከላይ ያነሳውን የደመና ሥዕል እያዩ፣ በየዕለቱ በጎንደር ደጋ ላይ ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደወጣ ገምተው የላኩት ነው። ግምቱ ልክ ይሁን አይሁን የሚታወቀው መሬት ላይ ከተለካው ጋር ሲስተያይ ነው። ያን ማስተያየት ለእጅጋየሁ ሰጧት። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር፤ በቢሮው አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ በቁጥር ላይ ስህተት ተገኘባት ተብሎ አያውቅም።

በአካባቢው ፀሐይ የሚለካበት ቦታ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሌላው ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ ያለው፣ ነፋስ የማይለየው ሳንቃ ሜዳ። መለኪያው በብረት መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ድፍን የመስታወት ኳስ ነው። ከኳሱ ኋላ ሰዓት የታተመበት ጠንካራ ሰማያዊ ካርድ ይሰካል። ፀሐይ ስትወጣ ኳሱ ጨረሯን ሰብስቦ ካርዱን እየለበለበ ይሄዳል፤ ደመና ሲሸፍናት መለብለቡ ይቆማል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ታዛቢው ካርዱን አውጥቶ፣ በጀርባው ቀኑንና ስሙን ጽፎ፣ ለነገው አዲስ ይሰካል። ይህ በዓልም ለቅሶም የማያስቀረው ሥራ ነው።

አዘዞ ያሉት ሠራተኞች ከአውሮፕላን ጋር ስለሚውሉ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋሉ። የሳንቃ ሜዳው አላምረው ግን በእኛው አቆጣጠር፣ የድቁና ዘመኑን በሚያስታውስ ቁም ጽሕፈት ይጽፍ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ቦታ ሠርቷል። እጅጋየሁ ታዛቢዎች ለሥልጠና ሲጠሩ ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ ረጅም፣ ጋቢውን ስብሰባ ውስጥ እንኳ የማያወልቅ፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚናገር ሰው ነበር።

ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ያለውን መቶ ሃያ ቀን መረጠች። የአዘዞውን ከሳተላይቱ ጋር ስታስተያይ ከሞላ ጎደል አንድ ሆነ። ቀጥላ የሳንቃ ሜዳውን ያዘች። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የቀን መቀየሪያ ጥቅምት አንድ በፈረንጅ ስንት እንደሚውል አየች፤ ከዚያ ወዲያ መቀየሪያውን ሳታይ ቀን በቀን እየቆጠረች ወረደች። አሥራ አንድ ቀን አልገጠመም። በአንዳንዱ ቀን ሳተላይቱ ድፍን ደመና ሲል ካርዱ ከጠዋት እስከ ማታ የተለበለበ ነበር፤ በሌላው ቀን ሳተላይቱ ጠራራ ፀሐይ ሲል ካርዱ ባዶ ነበር።

የቢሮው ኃላፊ ተክለ ጊዮርጊስ ሠንጠረዡን አይቶ ብዙ አላሰበም። ሳተላይቱ አዘዞ ላይ ልክ ከሆነ ሳንቃ ሜዳ ላይ የሚሳሳትበት ምክንያት የለም፤ የተሳሳተው ሰውየው ነው፤ በሌለበት ቀን ካርዱን በእጁ ለብልቧል፣ አለዚያም ሳይሰካ ቀርቶ በባዶው ላይ ቀን ጽፎበታል አለ። ለእጅጋየሁም ትክክል መሰላት። በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ «የሳንቃ ሜዳ ካርዶች ታዛቢው በቦታው ሳይኖር የተዘጋጁ ስለመሆናቸው ጥርጣሬ አለ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የጻፈችው ራሷ ናት። ስትጽፈው የቃላቱ አሰካክ አስደስቷት ነበር።

የሪፖርቱ አንድ ቅጂ ለማሩ ተሰጠ። ማሩ በቢሮው የፓርቲው ተጠሪ ነው፤ ወረቀት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፍ ነበር። በዚያ ዓመት ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ የሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ጠፋ ከተባለ ወዴት ሄደ ተብሎ ይጠየቃል። መልሱም ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ወደ ወንበዴ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ሁለት ወታደሮችና አንድ ሲቪል በላንድሮቨር ወጥተው አላምረውን ይዘውት ወረዱ።

እጅጋየሁ ይህን የሰማችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከምሳ ስትመለስ በቢሮው በር ላይ አንዲት የገጠር ሴት ቆማ አገኘች። ዕድሜዋ ወደ አምሳ የሚጠጋ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ የታጠቀች ናት። የአላምረው ሚስት አስናቀች ነኝ አለቻት።

«አንቺ ነሽ አሉኝ የጻፍሽው።»

እጅጋየሁ የጻፈችው ስለ ካርዶቹ እንጂ ስለ ሰውየው እንዳልሆነ ልታስረዳት ሞከረች። አስናቀች አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ፣ «ካርዱን የሚጽፈው ማን ሆነና?» አለቻት። ቀጥላም ባሏ የታመመ ጊዜ እንኳ በልጁ ትከሻ ተደግፎ ኳሱ ዘንድ ይደርስ እንደነበር፣ በሰው ሰርግ ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከድግስ ተነሥቶ ይሄድ እንደነበር፣ ጎረቤት ሁሉ «የአላምረው ሁለተኛ ሚስት መስታወቷ ናት» እያለ ይስቅበት እንደነበር ነገረቻት። እሷ አልሳቀችም።

«ምነው ሳትጠይቂው? አንድ ቀን መጥተሽ ብትጠይቂው ምን ነበረበት? ሸጋ አድርጎ ይነግርሽ ነበር።»

እጅጋየሁ ከቢሮ ወጥታ ቁስቋም ወዳለው ቤቷ እስክትደርስ ጥያቄው አብሯት ዋለ። እውነትም አልጠየቀችውም። መንገዱ አስጊ ነበር፣ መኪናም አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ግን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ አልታሰባትም ነበር። እሑድ የስንቅ ቀን መሆኑን አስናቀች ነግራት ስለነበር፣ እሑድ ጠዋት የእህቱ ልጅ ነኝ ብላ ከእሷ ጋር ሄደች።

አላምረው የታሰረበት ግቢ በጣሊያን ጊዜ ጋራዥ የነበረ ነው ይባላል። ግድግዳው እስካሁን ዘይት ዘይት ይሸታል። እስረኞቹን አምስት አምስት እያደረጉ በሽቦው ወዲያ ያመጧቸዋል፤ ጠያቂው ከወዲህ ሆኖ ይነጋገራል። አላምረው ጋቢ አልነበረውም። አስናቀች ስንቁንና ያመጣችለትን ጋቢ ለዘበኛው ስታስፈትሽ እጅጋየሁ ወደ ሽቦው ተጠጋች። አወቃት። እንደምን ከረምሽ አላት፤ የቢሮውን ሰዎች ደኅንነት በየስማቸው ጠየቀ።

ጊዜ ስላልነበራት ወደ ነገሩ ገባች። ከአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ በቀላሉ ሊያስታውሰው የሚችል ብላ ያሰበችውን አነሣች።

«በገና ዕለት ከላይ የታየው ድፍን ደመና ነው። የእርስዎ ካርድ ደግሞ ዐሥር ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይላል።»

«የገናው ካርድ ባዶ ነው» አላት። «ጭጋጉ ከቅዳሴ መልስ እንኳ አልተነሣም ነበር። እንኳን ፀሐይ፣ የቆምንበትን መሬት አላየነውም።»

«አያ አላምረው፣ ካርዱ እኔ ጋ ነው። ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ብለው ራስዎ ጽፈውበታል።»

«ሃያ ዘጠኝማ ፀሐይ ነበር። ገና ግን በሃያ ስምንት አይደለም ወይ ያለፈው? ዘንድሮኮ ዮሐንስ ነው።»

እጅጋየሁ ሽቦውን ያዘች።

«ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ሆነች፤ ቀኑ ሁሉ ባንድ ተገፋ» አለ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ቀስ ብሎ። «ጎንደር ላይ አርባ አራት ታቦት ይዛችሁ ይህን የሚነግራችሁ አንድ ዲያቆን ታጣ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ዘበኛው ዞር ብሎ ሲያየው ፈገግታው ጠፋ።

ወደ ቁስቋም ስትመለስ መንገዱን አላየችውም። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ፈረንጆቹ የራሳቸውን ትርፍ ቀን በየካቲት እስኪጨምሩ ድረስ ባለው ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው መቀየሪያ በአንድ ቀን ይሳሳታል። ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። እሷም ብትሆን የገናን ዶሮ በሃያ ስምንት በልታለች፤ በነጋታው ሃያ ዘጠኝ ቀን ቢሮ ገብታ ሥራ ውላለች። ሠንጠረዡ ፊት ስትቀመጥ ግን ያ ሁሉ ከአእምሮዋ ወጥቶ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ቀንና የመሥሪያ ቤት ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መስለው ኖረውባታል።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገባች። የሳንቃ ሜዳውን ዓምድ በአንድ ረድፍ ዝቅ አድርጋ እንደገና አስተያየች። የጥቅምቱ ደመና ከጥቅምቱ ደመና ጋር ገጠመ። የኅዳሩም ገጠመ። የገናው ባዶ ካርድ ከሳተላይቱ ደመና ጎን ቁጭ አለ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ስህተት ጠፋ። ጥር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ጥር አራት፣ አምስትና ስድስት አልገጠሙም። ሳተላይቱ ሦስቱንም ቀን ወፍራም ደመና ይላል። አዘዞም ቢሆን በእነዚያ ቀኖች ከአንድ ሁለት ሰዓት የበለጠ ፀሐይ አላየም። የአላምረው ሦስት ካርዶች ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያልተቋረጠ መስመር ነበረባቸው።

ካርዶቹን ወደ መስኮቱ ወስዳ በማጉያ መነጽር አየቻቸው። የእውነተኛ ቀን መስመር ጠዋት ቀጭን ሆኖ ይጀምራል፣ እኩለ ቀን ላይ ይሰፋል፣ ካርዱን እስከመብሳት ይደርሳል፣ ወደ ማታ እንደገና ይቀጥናል። የእነዚህ መስመር ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ነበረው። አንድ ሰው በጠራራ ቀን ካርዱን በእጁ ይዞ በኳሱ ኋላ በዝግታ ስቦታል። ይህን ማየት የነበረባት መጀመሪያ ሠንጠረዡን ስትሠራ ነበር፤ ያኔ ግን የለካችው ርዝመታቸውን ብቻ ነው።

ሠንጠረዡን አስተካክላ ብታቀርብ አሥራ አንዱ ውሸት ሦስት ይሆናል። ነገር ግን አሥራ አንድ የተበታተነ ቀን ስንፍና ሊባል ይችላል፤ ሦስት ተከታታይ ቀን ግን መንገድ ነው። የት ሄዶ መጣ የሚያሰኝ መንገድ ነው። የት እንደሄደ እሷ አታውቅም፤ ማወቅም አልፈለገችም። ስምንቱን ከላዩ ላይ ለማንሣት ሦስቱን አጋልጣ መስጠት ነበረባት።

በቢሮው አሠራር ካርድ የሌለው ቀን ከማስተያያው ይወጣል፤ በቦታው ጭረት ይደረጋል። ምሳ ሰዓት ላይ ሦስቱን ካርዶች በቦርሳዋ ይዛ ቤቷ ሄደች። ከሰል አያያዘች። ካርዶቹ ለመንደድ ጊዜ ወሰዱ፤ ወፍራም ናቸውና መጀመሪያ ተቆለመሙ፣ ሰማያዊ ቀለማቸው ወደ ቡና ዓይነት ተለወጠ፣ ከዚያ በኋላ ነው የተያያዙት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቁጥር አበላሽታ አታውቅም ነበር። አመዱን በእንጨት ፈጭታ ደጅ ደፋችው።

ማግስቱን ተክለ ጊዮርጊስ ክፍል ገብታ የተስተካከለውን ሠንጠረዥ አቀረበች። የጳጉሜኑን ነገር ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና መነጽሩን አወለቀ። የፊተኛው ሪፖርት አዲስ አበባ ደርሷል፤ ከዚያ ተነሥቶም ሰው ታስሯል። አሁን ተሳስተናል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። አውቃለሁ አለች። ስህተቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ ጽፌ ፈርሜበታለሁ አለችው። ተክለ ጊዮርጊስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አምስት ልጆች ያሉት፣ ጡረታው አራት ዓመት የቀረው ሰው ነበር። ወረቀቱን ደጋግሞ አገላበጠ፤ ጣቱ ሦስቱ ጭረቶች ላይ ቆመ።

«እነዚህስ?»

«ካርዶቹ የሉም። እኔ እጅ ላይ ነው የጠፉት።»

«ባለፈው ነበሩ።»

«አሁን የሉም፣ ጋሼ።»

ተክለ ጊዮርጊስ ትክ ብሎ አያት። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ወደ አዘዞ አቅጣጫ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተመለከተ። የሠንጠረዡን መሸኛ ደብዳቤ ሳይፈርም ማክሰኞን አሳደረው፤ ረቡዕንም አሳደረው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፈርሞ ለማሩ መራው።

በቀጣዩ እሑድ እጅጋየሁ ካለፈው ቀድማ ሽቦው ዘንድ ደረሰች። ምሥራቹን ራሷ ልትነግረው ፈልጋለች። አላምረው ሲመጣ በሁለት ሰዎች መካከል ነበር፤ ሲያቆሙት አንድ እግሩን መሬት አላስነካም። ግራ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። አስናቀች አንዴ አየችው፤ ከዚያም ፊቷን አዙራ ዘበኛው የሚፈትሸውን ሰሃን ማየት ጀመረች።

እጅጋየሁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ስህተቱ እንደታወቀ፣ ደብዳቤው ሐሙስ እንደወጣ፣ ስምንቱ ቀን ሁሉ እንደተስተካከለ ነገረችው። ሦስቱም እንደሌሉ ነገረችው።

«ሐሙስ» አለ።

«አዎ፣ ሐሙስ።»

«እኔን ረቡዕ ነው የጠየቁኝ።»

ከዚያ በኋላ ያላትን ሁሉ ሽቦውን እያየ ነው ያላት። መርማሪው አሥራ አንዱን ቀን በወረቀት ይዞ ነበር። በእያንዳንዱ ቀን የት እንደነበረ ይጠይቀዋል። አላምረው እዚያው ነበርኩ ይላል። ይመቱታል። ሌላውን ቀን ይጠይቁታል። እዚያው ነበርኩ ይላል። ያልሄደበትን ቦታ ከየት ያምጣ?

«አሥራ አንድ ጠየቁኝ» አላት። «እኔ ያለኝ ሦስት ነበር። ሦስቱን ሰጠኋቸው።»

ልጁን ክንዴን ለብሔራዊ ውትድርና የወሰዱት አምና ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ከጦሩ ጠፍቶ፣ የእግሩ ጣቶች ቆስለው፣ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ሳንቃ ሜዳ ደረሰ። አላምረው በተዋሰው በቅሎ አስቀምጦ በምዕራቡ ገደል በኩል ወደ ቆላው አወረደውና በጭልጋ አቅጣጫ ለሚጠብቀው ለአስናቀች ወንድም አስረከበው። ደርሶ መልስ ሦስት ቀን ወሰደበት። አስናቀችም ሰው ቢመጣ የሚጠይቀው እንዳያገኝ ብላ እህቷ ዘንድ ቆላ ወርዳ ነበር። ሲመለሱ ስለ እነዚያ ሦስት ቀኖች ለማንም፣ እርስ በርሳቸውም ቢሆን፣ እንዳይነጋገሩ ተማማሉ። ስለዚህ ሳንቃ ሜዳ ላይ ምን ዓይነት ቀን እንደዋለ ማንንም አልጠየቀም። እሱ በሄደበት ቆላ ፀሐይ ነበር። በጥር ወር ደመና ይኖራል ብሎ አላሰበም።

«በሃያ ሁለት ዓመት ሦስት ቀን» አለ። «እሱንም ልክ ሳላደርገው ቀረሁ።»

ክንዴ የት እንዳለ እጅጋየሁ አልጠየቀችም። አላምረው ግን ልጁ ድንበር ከተሻገረ ሁለት ወሩ ነው አላት፤ እሱን አያገኙትም፤ ያገኙት የበቅሎውን ባለቤትና የአስናቀችን ወንድም ነው። የወንድሟን ነገር ሲናገር ወደ ሚስቱ አላየም። አስናቀች ግን ሰምታለች። ሰሃኑን ከዘበኛው ተቀብላ፣ በሽቦው ሥር ገፋችለትና፣ «ብላ፣ ሳይበርድ» አለችው።

ማሩ እጅጋየሁን ያስጠራት በማግስቱ ነው። በጠረጴዛው ላይ ሁለቱ ሠንጠረዦች፣ የፊተኛውና የኋለኛው፣ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። አልተቆጣም። ሻይ አዘዘላት። ስህተትን በፈቃድ ማመን የአብዮታዊ ሠራተኛ ባሕርይ ነው አላት፤ ይህን ሲል የሚያነብ ይመስል ነበር። ከዚያ እርሳሱን አነሣ።

«ስምንቱ ያንቺ ስህተት ነው፤ ገባኝ። ሦስቱን ሰውየው ራሱ ነግሮናል። ጥር አራት፣ አምስት፣ ስድስት።» እርሳሱን ጭረቶቹ ላይ አሳረፈ። «አንቺ ዘንድ የጠፉት የትኞቹ ናቸው አልሽኝ?»

እጅጋየሁ የመጣላትን ሻይ ማማሰል ጀመረች።

«መቶ ሃያ ካርድ አለ። ሲጠፋ ደግሞ መርጦ ይጠፋል፣ አይደል?»

ማሩ የኋለኛውን ሠንጠረዥ አራት ላይ አጥፎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው። ይህ እኔ ዘንድ ይቆይ፤ አንድ ቀን እንነጋገርበታለን አላት። ሻይሽን ጠጪ አላት። ጠጣችው።

ለአዲስ አበባ የተላከው ሌላ ቅጂ ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ በጭረቶቹ ግርጌ «ካርዶቹ በማጓጓዝ ላይ ተበላሽተዋል» የሚል ማስታወሻ ጨምሮበት ነው የላከው። በግንቦት መጀመሪያ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። የሳንቃ ሜዳ ልኬትና የሳተላይቱ ግምት በሚያስደንቅ ሁኔታ እንደተስማሙ፣ የውጭዎቹ ተመራማሪዎችም እንደተደሰቱ ይገልጻል። ሥራው እስከ ክረምት እንዲቀጥልና የቀጣዮቹ ወራት ካርዶች በቶሎ እንዲላኩ ይጠይቃል። ተክለ ጊዮርጊስ ደብዳቤውን ለሠራተኛው ሁሉ አነበበ። የሳንቃ ሜዳ ታዛቢ ማን እንደሚሆን የጠየቀ የለም።

ከልደታ በኋላ አንድ ጠዋት አስናቀች ቢሮ መጣች። እጅጋየሁ ወንበር ሰጠቻት፤ አልተቀመጠችም።

«ትናንት ስንቅ ይዤ ሄጄ ነበር» አለች። «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አሉኝ።»

እጅጋየሁ በሩን ዘጋች።

«ተዛውሯል አሉኝ። ወዴት ብል አይታወቅም አሉ። ጋቢውን መልሰው ሰጡኝ። ሰው ሲዛወር ጋቢውን ይተዋል እንዴ? ደጋ ቢወስዱትስ?» መልስ የምትጠብቅ አትመስልም። ከጋቢው እጥፋት ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሰማያዊ ካርዶች ነበሩ።

አላምረውን የወሰዱት ዕለት፣ መኪናው ላይ ሲያወጡት፣ ኳሷን አደራ ብሏት ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ አውጪ፣ አዲስ ስኪ። ስታወጣና ስትሰካ ከርማለች። ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ቀን አልጻፈችባቸውም፤ ግን በተራ ይዛቸዋለች። ቀይ ክር ያሰረችበት የሚያዝያ ጊዮርጊስ ነው፤ ነጭ ክር ያሰረችበት ልደታ። መስመሩ ወፍሮ የተለበለበው እሷ ስንቅ ልታደርስ ጎንደር የመጣችባቸው ቀኖች ናቸው፤ የሚያወጣው ስለሌለ ሁለትና ሦስት ቀን በአንዱ ካርድ ላይ ተደራርቧል።

«ያንን ለማስተካከል አልሞከርኩም» አለች። «የሆነው እንዲህ ነው። ቀኑን ጻፊልኝ። ሲመጣ ቀን የሌለው ካርድ ካየ ይቆጣል።»

እጅጋየሁ ካርዶቹን ተቀበለች። የላይኛውን ገልብጣ ብዕሯን አነሣችና የመጀመሪያው የቱ ቀን እንደሆነ ጠየቀቻት። ማክሰኞ፣ የወሰዱት ማክሰኞ ነው አለቻት። ሚያዝያ 11 ቀን 1980 ብላ ጻፈች። ከቀኑ በታች ለታዛቢው ስም የተተወ መስመር አለ።

«እዚህ ላይ ስምሽን ነው የምጽፈው፣ እትዬ። የሰካሽው አንቺ ነሽ።»

«የእኔን ምን ያደርግልሻል? የእሱን ጻፊ። ቦታው የእሱ ነው።»

እጅጋየሁ የተዘጋውን በር አየች። ታዛቢው በቦታው ሳይኖር የተዘጋጀ ካርድ ምን እንደሚያመጣ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። አስናቀች ጋቢውን በደረቷ ታቅፋ ቆማ ትጠብቃለች።

አላምረው ብላ ጻፈች። ካርዱን አዙራ ሁለተኛውን አነሣች። ሃያ አንድ ነበሩ። በሁሉም ላይ ጻፈችው።